አንድ እንግዳ በካስቴል ዲ ሳንግሮ፦ ከ1996 እስከ 1997 የዘለቀ የውድድር ዓመት የጉዳይ ጥናት

መነሻ

አንድን የእግር ኳስ ክለብ ለሙሉ የውድድር ዓመት ከውስጥ ሆነው ለመከታተል የሚያስቡ የስፖርት ጋዜጠኞች አብዝተው የሚጨነቁት ስለ መግቢያው ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? አሰልጣኙ ልምምድ እንዲያዩ ይፈቅድላቸው ይሆን? ከተጫዋቾቹ ጋር በአንድ አውቶቡስ መጓዝስ ይቻላል? ከገቡ በኋላ ምን እንደሚመጣ የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ከባዱ ፈተና ያለው እዚያ ነው። ለወራት አብሮ የበላ፣ አብሮ የተጓዘ፣ በሽንፈት ቀን አብሮ ያዘነ ሰው የቤቱን ገመና ማየቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ያየውን ይጽፋል ወይስ ይሸፍናል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ከማውቃቸው ጉዳዮች ሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው በኢጣሊያ አብሩዞ ክልል በካስቴል ዲ ሳንግሮ የሆነው ነው። እንግዳው በአገሩ በዘገባ መጻሕፍቱ የታወቀ አሜሪካዊ ጸሐፊ ነበር። ከእግር ኳስ ጋር የተዋወቀው በጎልማሳነቱ፣ በ1994 የዓለም ዋንጫ በአሜሪካ በተካሄደበት ጊዜ ሲሆን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍቅሩ አድጎ ውቅያኖስ አሻግሮ ወደ አንዲት የተራራ ከተማ ወሰደው። በዚህ ጽሑፍ የሰዎችን ስም አልጠቅስም። የምመረምረው እንግዳው የቆመበትን ቦታ ስለሆነ ስሞቹ አያስፈልጉኝም። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከተማይቱና ክለቡ

ካስቴል ዲ ሳንግሮ በላኩዊላ አውራጃ፣ በሳንግሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በወቅቱ የነዋሪዋ ቁጥር ከ6,000 አይበልጥም ነበር። ከሱልሞና ተነሥቶ በተራሮቹ መካከል ወደ ኢዘርኒያ የሚወርደው የባቡር ሐዲድ በእርሷ በኩል ያልፋል፤ ኢጣሊያውያን መስመሩን ከበረዶውና ከከፍታው የተነሣ «የኢጣሊያ ትራንስ ሳይቤሪያ» ብለው ይጠሩታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ጦር ጉስታቭ ብሎ በሰየመው የመከላከያ መስመር ላይ ስለነበረች በ1943 ክፉኛ ፈርሳ እንደገና የተሠራች ከተማ ናት። ስታዲየሟ የተሰየመው በ1840 እዚያው በተወለደው፣ የገበሬውን ድህነት በሣለው ሠዓሊ በቴኦፊሎ ፓቲኒ ነው።

ክለቡ በ1953 ተመሠረተ። ለብዙ ዓመታት በመንደርና በክልል ውድድሮች ሲጫወት ቆይቶ በ1989 አራተኛው እርከን ወደ ነበረው ሴሪ ሲ2 ገባ፤ በ1995 ወደ ሴሪ ሲ1 አደገ፤ በዓመቱ ደግሞ ወደ ሁለተኛው እርከን፣ ወደ ሴሪ ቢ። ይህን ያህል ትንሽ ከተማ በዚያ እርከን ላይ መገኘቷ በኢጣሊያ እግር ኳስ እንደ ተአምር ተቆጠረ፤ እንግዳውንም የሳበው ይኸው ነው።

ወደ ሴሪ ቢ የተሻገሩበት ጨዋታ በቅርበት ሊታይ ይገባዋል፤ ለቀጣዩ ዓመት ሁሉ መንፈሱን የሰጠው እርሱ ነውና። በጁን 1996 በፎጂያ ከተማ ከአስኮሊ ጋር የማለፊያውን የመጨረሻ ጨዋታ አደረጉ። መደበኛውም ጭማሪውም ሰዓት ሳያለያያቸው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀር አሰልጣኙ ወደ ተቀያሪዎች ወንበር ዞረና ዓመቱን ሙሉ ሳይሰለፍ የኖረውን ተጠባባቂ በረኛ አስነሣ። ሲጫወት የነበረው በረኛ ወጣ፣ ሰውነቱ እንኳ በወጉ ያልሟሟቀው ሰው ለመለያ ምት ገባ። አምስቱ ምት አልበቃቸውም፤ ተጨማሪ መምታት ጀመሩ። በመጨረሻ ያ በረኛ የአስኮሊን ምት አዳነ፣ ካስቴል ዲ ሳንግሮም አለፈ። እንዲህ ባለ ውሳኔ ያለፈ አሰልጣኝ በቀጣዩ ዓመት ማን ይሰለፍ፣ ማን ይቀመጥ የሚል ምክር ከእንግዳ ይቀበላል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። እንግዳው ግን ይህን ያስተዋለው አይመስልም፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ችግሩ

የክለቡ ችግር ግልጽ ነበር። በሴሪ ቢ ሃያ ክለቦች 38 ጨዋታ ያደርጋሉ፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ ይወርዳሉ። ከተጋጣሚዎቻቸው መካከል ዘጠኝ ጊዜ የኢጣሊያ ሻምፒዮን የነበረው ጄኖዋ፣ በዚያው ዓመት ከሴሪ ኤ የወረደው ቶሪኖ፣ የትልልቅ ከተሞቹ ክለቦች ፓሌርሞና ባሪ ይገኙበታል። ስታዲየማቸው ገና እየተስፋፋ ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ወራት «የሜዳቸውን» ጨዋታ ያደረጉት በተራራው ማዶ በኪየቲ ከተማ ነው። ስለዚህ የራሷ ሜዳ ያልነበራት ከተማ ደጋፊዎቿን በአውቶቡስ እያጓጓዘች ነበር የምትጫወተው።

የእንግዳው ችግር ግን በውል የተለየ አልነበረም። ጣሊያንኛ አያውቅም ለማለት ይቻል ነበር፤ ስለ እግር ኳስ ያለው እውቀት የደጋፊ እንጂ የባለሙያ አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በከተማይቱ ውስጥ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ስም አልነበረውም። የአካባቢው ጋዜጠኛ ሥራው ይታወቃል፤ ደጋፊው ይታወቃል፤ ዘመድ ይታወቃል። ከሩቅ አገር መጥቶ በየቀኑ ከልምምዱ ዳር የሚቆም ሰውስ ምን ይባላል? ይህ ጥያቄ በመጀመሪያው ሳምንት መልስ ቢያገኝ ኖሮ የመጨረሻው ሳምንት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

እንግዳው ሆቴል ገብቶ እሑድ እሑድ ብቅ የሚል ሰው አልሆነም። ከተማይቱ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ። ተጫዋቾቹ በሚመገቡበት ምግብ ቤት ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ ቀረበ፤ ልምምድ ሲሠሩ አየ፤ ለውጭ ጨዋታ ሲሄዱም አብሮ ተጓዘ። ቋንቋውን የለመደው ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ ከዚያ ማዕድ ነው፣ በፓስታ ሳህንና በጨዋታ ወሬ መካከል። ዘገባውንም ስለ ተአምር ብቻ እንዲሆን አላደረገውም፤ ስለ ክለቡ ገንዘብ፣ ስለ ባለቤቶቹ ጠባይ፣ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ ስለሚቀመጥ ተጫዋች ብስጭት ጭምር ይጠይቅ ነበር።

የሠራው

ከሁሉም የበለጠ የሠራው ማዕዱ ነው። ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ተጫዋች የሚናገረው ክለቡ እንዲናገር የሚፈልገውን ነው፤ ሹካ ይዞ ሲቀመጥ ግን ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ ኪራይ ውሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት የት እንደሚሆን ስለማያውቀው ሚስቱ ያወራል። በሁለተኛው እርከን የሚጫወት የኢጣሊያ ተጫዋች ኑሮ ለአብዛኛው አንባቢ የተሰወረ ነገር ነበር፤ በቴሌቪዥን የምናየው ሴሪ ኤን ነው። እንግዳው ያን የተሰወረ ኑሮ በዝርዝር ማሳየቱ ትልቅ ሥራ ነው።

መቆየቱም ሠርቶለታል። በዲሴምበር 10 ቀን 1996 ሁለት የክለቡ ተጫዋቾች በመኪና አደጋ ሞቱ። ሊጽፈው የመጣው ተረት በአንድ ምሽት ሐዘን ሆነ። ስድስት ሺህ ሰው በማይሞላባት ከተማ ተጫዋች ሲሞት ስሙን የሚያውቀው የእግር ኳስ ተከታታይ ብቻ አይደለም፤ ዳቦ ሻጩም፣ ፀጉር አስተካካዩም፣ ጠዋት ቡና የቀዳለትም ያውቀዋል። ከሩቅ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ የሚመጣ ዘጋቢ ቢሆን ሁለት አንቀጽ ጽፎ ያልፍ ነበር። በከተማይቱ የሚኖር ሰው ግን ከሐዘኑ በኋላ ያሉትን ሳምንታትም ያያል፤ ባዶውን ወንበር፣ ጨዋታው እንደገና ሲጀመር ሰው ለመደሰት እንዴት እንደሚያፍር። በኀዘን ቤት ቁጭ ብሎ ዝም ማለት የሚችል እንግዳ ብዙ ይማራል፤ በእኛ ባህል ለቅሶ ደራሽን ማንም «ምን ልትሠራ መጣህ?» ብሎ እንደማይጠይቀው ሁሉ።

ያልሠራው

ያልሠራው የመጀመሪያው ነገር ምክር መስጠቱ ነው። ፍቅሩ እየበረታ ሲሄድ እንግዳው ለአሰልጣኙ ማን መሰለፍ እንዳለበት፣ ቡድኑም ከመከላከል ይልቅ ማጥቃት እንዳለበት መንገር ጀመረ። ቅንነቱ አያጠራጥርም። ነገር ግን አሰልጣኙ ያንኑ ቡድን ከአራተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው ያደረሰ ሰው ነበር፤ የፎጂያውን ቅያሬ የወሰነውም እርሱ ነው። በእርሱ ዐይን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ኳስን የተዋወቀ ሰው ይህን ሲል ምን ሊመስለው ይችላል? ምክሩ ተቀባይነት አላገኘም። ጉዳቱ ግን ካለመቀበሉ ይበልጣል፤ ምክር የሰጠ ሰው ውጤቱን በራሱ ምክር መለካት ይጀምራልና፣ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር የአሰልጣኙ ስሕተት ይታየዋል፣ ባሸነፈ ቁጥር ደግሞ ዕድል ይመስለዋል። ታዛቢነቱ በዚህ በኩል ተሸረሸረ።

ሁለተኛው ጥልቅ ነው፤ ከአንድ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። በአማርኛ ስለ ወራጅ ቀጠና ስንናገር «ላለመውረድ ይጫወታሉ» እንላለን፤ አነጋገራችን አሉታ ነው። ጣሊያንኛው «ሳልቬዛ» ይለዋል፤ ትርጉሙ መዳን ነው፣ ቄሱ በመቅደስ ከሚሰብከው ጋር አንድ ቃል። ለካስቴል ዲ ሳንግሮ ሰዎች የዓመቱ ግብ ይህ ነበር። ማለፍም፣ ዋንጫም፣ ክብርም ከእርሱ በኋላ ነው። ሒሳቡ ደግሞ እያንዳንዱ ተጫዋች በቃሉ የሚያውቀው ነው፤ ድል ሦስት ነጥብ፣ አቻ አንድ፣ ከታች ያለው ይህን ያህል፣ ከላይ ያለው ያን ያህል። እንግዳው ቃሉን ተማረ፣ ወደደው፣ አብሮ ዘመረው። የማይታየው ግን ቃሉ ጊዜ የሚያልፍበት መሆኑ ነው። መዳን ከተገኘ በኋላ ለተጫዋቹ ዓመቱ አልቋል፤ ለእንግዳው ግን ያ ተአምር እስከ መጨረሻው ፊሽካ ድረስ የሚቆይ ሃይማኖት ነበር።

ሁለቱ የመጨረሻ እሑዶች

በ37ኛው ጨዋታ ካስቴል ዲ ሳንግሮ በሜዳው የክልሉን ትልቅ ከተማ ክለብ ፔስካራን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በዚያ ቀን መዳኑ ተረጋገጠ። ትንሿ የተራራ ከተማ ታላቂቱን የባሕር ዳር ከተማ አሸንፋ በሴሪ ቢ ቀረች። ከዚህ የበለጠ የጽሑፍ ማብቂያ የትም አይገኝም፤ ዓመቱ በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ይህ ጉዳይ ለጥናት የሚሆን ጥያቄ ባልተረፈው ነበር።

አንድ ጨዋታ ቀርቶ ነበር፤ በባሪ፣ ከባሪ ጋር። ባሪ ወደ ሴሪ ኤ ለማለፍ ማሸነፍ ይፈልጋል፤ ካስቴል ዲ ሳንግሮ ምንም አይፈልግም። በኢጣሊያ እግር ኳስ ቋንቋ ለሁለቱም ወገን የሚመች ውጤት «ቢስኮቶ» ይባላል፤ ከእኛው ብስኩት ጋር አንድ ቃል ነው። ባሪ 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ። እንግዳው ከጨዋታው በፊት ከተጫዋቾቹ መካከል የሰማው ወሬ ውጤቱ አስቀድሞ የታሰበበት እንደነበር አሳመነው፤ ተቆጣ፣ በቃልም ተናገራቸው፣ በ1999 ባሳተመው መጽሐፍም ውንጀላውን ለዓለም አቀረበ። ውንጀላው የእርሱ ነው፤ እኔም የምጠቅሰው እንደ ውንጀላ እንጂ እንደ ተረጋገጠ ነገር አይደለም።

ይህን ጉዳይ ሳስተምር ተማሪዎች ወዲያውኑ ሁለት ጎራ ይሆናሉ። አንዱ «እንጀራቸውን በልቶ ገመናቸውን አወጣ» ይላል፤ ሌላው «ጋዜጠኛ ነው፣ ሊደብቅ አይገባውም» ይላል። የእኔ አቋም ከሁለተኛው ይቀርባል፤ ነገር ግን በሙሉ ልብ አይደለም። አንድ ውጤት በስምምነት ከተሸጠ የሚጎዳው ሌላ ከተማ ውስጥ በሬዲዮ እየሰማ ያንኑ የማለፊያ ቦታ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ለእርሱም ታማኝነት ያስፈልጋል። ስለዚህ መጻፍ ተገቢ ነው። የሚያሳስበኝ የተጻፈበት ቁጣ ነው። ያ ቁጣ የተከዳ ደጋፊ ቁጣ ነበር፤ የተከዳ ደጋፊ ደግሞ የሰማውን፣ የገመተውንና የፈራውን አይለይም። አንባቢው ማስረጃውን ለመመዘን ሲፈልግ የሚያገኘው ልብ መሰበር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ታዛቢ ሆኖ ቢቆይ ኖሮ ያው ምስክርነት የበለጠ ክብደት ይኖረው ነበር።

ከተጫዋቾቹም በኩል መታየት ያለበት ነገር አለ። አንዱ ወገን ሁሉንም፣ ሌላው ወገን ምንም የማይጠብቅበት የመጨረሻ ቀን ጨዋታ በየትኛውም ሊግ አደገኛ ነው፤ ገንዘብ ሳይነካ፣ ቃል ሳይነገር እንኳ እግር ይከብዳል። ኮንትራቱ ያለቀበት፣ ከተጎዳ በሚቀጥለው ዓመት ክለብ የማያገኝ ተጫዋች በዚያ ቀን ኳስ ሲቀማ እንደ ፔስካራው ጨዋታ ይጋጠም ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ይጋጠማል ብሎ ማመን ግን ሌላ ነገር ነው። እንግዳው ይህን ልዩነት ቢጽፈው ኖሮ ስለ ሥርዓቱ የሚናገር ምዕራፍ ይወጣው ነበር፤ የጻፈው ግን ስለ ክህደት ነው።

ለሌላ ጉዳይ የሚተላለፈው

ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስብ ሰው ከዚህ የማወጣው ነገር በእኩል ክብደት የሚደረደር አይደለም። ከሁሉ የሚቀድመው ድንበሩን በመጀመሪያው ሳምንት መናገር ነው። «ጸሐፊ ነኝ፤ በማዕድ የምሰማውን የግል ኑሯችሁን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፤ የጨዋታን ውጤት የሚነካ ነገር ከሰማሁ ግን እጽፋለሁ» ብሎ በአደባባይ፣ አሰልጣኙም ተጫዋቾቹም ባሉበት መናገር። ይህ አንዳንድ በሮችን ይዘጋል፤ የተዘጉት በሮች ግን በኋላ መራራ የሚሆኑት ናቸው።

ማስታወሻ አያያዝም ከዚያው ይከተላል። በዐይን የታየው፣ ከሰው የተሰማውና ጸሐፊው የገመተው በሦስት የተለያየ ቦታ ይቀመጥ፤ ቀንና ሰዓት ይኑረው። የሰማውን ቃል ትርጉም ሳይሆን ቃሉን ራሱን፣ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፈው። ቋንቋውን በአንድ ዓመት ውስጥ የለመደ ሰው ቀልድን ከዛቻ፣ ሹፈትን ከውል መለየት ይቸግረዋል፤ በመልበሻ ክፍል የሚነገረው ደግሞ አብዛኛው በዚያ መካከል ያለ ነው።

ምክር አለመስጠት የሚለው አጭር ነው፤ አሰልጣኝን አለማሠልጠን። ደስታንና ሐዘንን መካፈል ግን አይከለከልም፤ ያለ እርሱ በከተማይቱ መኖር አይቻልም።

ከቡድኑ ውጭም ቢያንስ አንድ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ የሜዳው ሣር ጠባቂ፣ የክልሉ ጋዜጣ ዘጋቢ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በዝናብ ጨዋታ የተመለከቱ ሽማግሌ። «ይህ ዓመት ለእናንተ የሚያልቀው መቼ ነው?» ብሎ ለእነርሱ መጠየቅ ቢቻል፣ ከፔስካራ በኋላ ያለውን እሑድ ማንም ቁም ነገር ብሎ እንደማይቆጥረው አስቀድመው ይነግሩት ነበር ብዬ እገምታለሁ። ያን ጊዜ እንግዳው ወደ ባሪ የሚሄደው ዐይኑን ከፍቶ፣ ልቡን ሰብስቦ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ

ካስቴል ዲ ሳንግሮ በሴሪ ቢ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ ተጨምሮለት ነው፤ በ1998 ወረደ። በ1998 እና 1999 መካከል በኢጣሊያ ዋንጫ ከኢንተር ጋር እስከ መጫወት ደረሰ፤ ክለቡ በዚያ መልኩ የነበረው ግን እስከ 2005 ነው። ክለቡ ወደ ሴሪ ቢ ባደገበት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ የነበሩት ሰው በ2018 የኢጣሊያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ስታዲየሙ አሁንም አለ፤ ከ7,000 በላይ ሰው ይይዛል፣ ከከተማይቱ ሕዝብ ይበልጣል። ከ2020 ጀምሮ ለተከታታይ ዓመታት ናፖሊ የቅድመ ውድድር ዝግጅቱን እዚያ ሲያደርግ፣ በኦገስት ተራራው በሰማያዊ ማሊያ ተሞልቶ ይታይ ነበር፤ ካሜራ የያዙ እንግዶች ለሁለት ሳምንት መጥተው ልምምድ ቀርጸው ይመለሳሉ። ከእነርሱ በከተማይቱ ቤት የተከራየ ስለመኖሩ ግን አልሰማሁም።